ዘርግፎ መልቀም እስከ መቼ?

አሁንስ በቃን። ከሆለታ እስከ ባኮ፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጣጣ አለ፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን የለም። ሥራ ይገኛል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ በጠዋቱ ከቦታው ይደረሳል። ከዚያ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ አንድ ምስማር ሳይመታ ሰዓቱ በዕቃ ፍለጋ ያልቃል። ማዳበሪያው ከትከሻ ይወርዳል፤ አፉ ይፈታል፤ በረንዳው ላይ ይዘረገፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ሳንቸኩልም በየቀኑ እናፈሳለን፣ በየቀኑ እንለቅማለን።

የምናገረው ስለ እጅ መሣሪያ መያዣ ነው። ትንሽ ነገር የሚመስለው ላልደረሰበት ነው። እኔ የቧንቧና የመብራት ጥገና እሠራለሁ። አምቦ ተቀምጬ ጉደር እጠራለሁ፣ ጊንጪ እጠራለሁ፣ ሲብስም ጌዶ ድረስ እወጣለሁ። በየሥራው ቦታ ከግንበኛው፣ ከአናጺው፣ ከለሳኙና ከቀለም ቀቢው ጋር እንገናኛለን። ሻይ ላይ የሚነሳው ወሬ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ቀን ሒሳብ፣ ገንዘብ ስለሚያጓትት ባለቤት ነው። መያዣን የሚያነሳ የለም፤ የተጻፈልን አድርገን ተቀብለነዋል። እኔ ግን ከዓመት ዓመት ስሸከመው ከርሜ፣ ማታ ቤቴ የምገባው ከሥራው ይልቅ የሥራ ዕቃው አድክሞኝ እንደሆነ ደርሼበታለሁ።

ማዳበሪያ ስንል የዩሪያው ወይም የኤን ፒ ኤሱ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። ገበሬው ማሳው ላይ በትኖ ከጨረሰ በኋላ ከረጢቱ ጤፍ ይያዝበታል፣ ድንች ይያዝበታል፣ ከሰል ይያዝበታል፤ በመጨረሻ የእኛን ብረት ይሸከማል። ለእህል ደህና ነው። ብረት ግን አይችልም። የመሮውና የካቻቢቴው ጫፍ ከውስጥ እየወጋ ይበሳዋል። በቀዳዳው መጀመሪያ ሚጢጢው ምስማር ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ ብሎኑ፤ ቀጥሎ ፑንታው። ክሩ ደግሞ ይተረተርና ባገኘው ሹል ነገር ላይ ይጠመጠማል። ሥራ ከመጀመር በፊት ከፑንታ ላይ ክር በጥርስ እየነከሱ ማላቀቅ የማያውቅ ማን አለ?

ፍለጋውን ደግሞ ላላየ ሰው ልንገር። እጅ ይገባል። መጀመሪያ የሚያዘው ገመድ ነው፤ ሲጎተት ሴጌቶውን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ሴጌቶው በጥርሱ የናስትሮውን ጥቅል ነክሷል። ሜትሩ ክዳኑ ተሰንጥቆ ምላሱ ተጣሟል። ውሃ ልኩ ላይ የጄሶና የሲሚንቶ ዱቄት ተጋግሮበት አረፋዋን ለማየት በምራቅና በአውራ ጣት መጥረግ ያስፈልጋል። ቴፍሎኑ ተፈትቶ ሊማው ላይ ተጠምጥሟል። ብሎኖች የተቀመጡበት አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ብሎኑ ሁሉ ከከረጢቱ ሥር ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሏል። ይህን ሁሉ ካወጡ በኋላ የሚፈለገው ቴስተር አልተገኘም። ስለዚህ ማዳበሪያው ሥሩ ተይዞ ይገለበጣል። ቴስተሩ ይገኛል። ማታ ሁሉም ተመልሶ እዚያው ይገባል፤ ነገም እንደዚያው።

በዚህ ላይ የሚከፋው የመሣሪያው መጎዳት ነው። መዶሻና ቴስተር አንድ ከረጢት ውስጥ ማደር አልነበረባቸውም። ቴስተር ውስጡ ትንሽ አምፖል ናት ያለችው። ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻ እየወደቀባት በባጃጅ ስትናጥ ውላ ከተሰነጠቀች፣ 220 ቮልት የተሸከመውን ሽቦ ባዶ ነው ብላ ታሳያለች። ሠራተኛውም አምኖ ይነካዋል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ወሬ ያልሰማ የለም። የመሣሪያ መያዣ ጉዳይ ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብልኝ። የእጅ መቆረጡማ የዕለት ነው፤ ጣትህ ወደ ከረጢት ሲገባ ቀድሞ የሚቀበልህ ስለት ነው። የአናጺ እጅ ላይ ካሉት ጠባሳዎች ብዙዎቹ ፍለጋ ላይ የመጡ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ንቀቱም አለ። ማዳበሪያ በትከሻ አድርገህ በር ስታንኳኳ ዘበኛው በቀዳዳ አይቶ፣ "ቆራሌው፣ ዛሬ የሚሸጥ የለም" ይልሃል። ቆራሌውም ሠርቶ አዳሪ ነው፤ የእሱን እንጀራ አልንቅም። ነገር ግን ባለሙያ ሆኖ ተጠርቶ፣ በር ላይ ባለሙያነትን ማስረዳት ቅስም ይሰብራል። ያው ሰው ቦርሳ ይዞ ቢመጣ "ግባ ጋሼ" ይባላል። ሰው በያዘው ነው የሚታየው፤ ዋጋ ስትነጋገርም ያ ማዳበሪያ ከጎንህ ቁጭ ብሎ ዋጋህን ሲያወርድብህ ይታወቅሃል።

ጉዞው ሌላ እሮሮ ነው። አምቦና ጉደር የሚራራቁት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ የሚመች መንገድ። ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ ግን ረዳቱ የሚያየው አንተን ሳይሆን ከረጢቱን ነው። "ብረቱ ላይ ይጫን፤ ሒሳቡ ለብቻ ነው።" ላይ ከተጫነ ፖርቶመጋላው ላይ ሲንገላታ ይሄዳል፤ ዝናብ ከመጣ ይጠጣዋል። እግር ሥር ይሁን ካልክ ጎረቤትህ ያማርራል፤ አይፈረድበትም፤ የሴጌቶ ጥርስ በሱሪው በኩል እየወጣ ነው። ባጃጅም ቢሆን ለሦስት ሰው የተሠራ ነው፤ ከረጢቱ መሀል ገብቶ ከተቀመጠ አንድ ሰው ይቀነሳልና የእሱን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ። የሠራኸውን ሳታገኝ ለብረትህ ወንበር ገዛህለት ማለት ነው።

ፍተሻ ያለ ቀን ደግሞ መከራው ይጨምራል። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ዕቃው ሲታይ፣ በአፉ የታሰረ፣ ሲነኩት የሚንኳኳ ከረጢት ጥርጣሬ ቢያስነሳ አይገርምም። "ምንድን ነው ይሄ? አፍስሰው።" አስፋልት ዳር ይዘረገፋል። ሃያ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። እያንዳንዱን ብረት አንስተህ ስሙንና ጥቅሙን ትናገራለህ፤ ከዚያ በጥድፊያ ታፍሳለህ፤ ሣሩ ውስጥ የቀረው የ13 ቁጥር ቁልፍ የሚታወስህ ሥራው ላይ ሆነህ ነው። ፈታሹ ሥራውን ነው የሠራው። ዕቃው በግልጽ ተደርድሮ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ እይታ "እለፍ" ይባል ነበር።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ይባባሳል። የአምቦና የጊንጪ ዙሪያ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ይሆናል። ምርምር ሲደረግበት የኖረ አፈር ነው፤ ለስንዴና ለጤፍ ብዙ ተደክሞበታል። ለእኛ ግን አንድ ነገር ነው፤ የወደቀበትን ይውጣል። ብሎን ከወደቀ አበቃ። ከረጢቱን ደረቅ ቦታ አጥተህ መሬት ካስቀመጥከው ሥሩ ይርሳል፤ እርጥበቱ ሌሊቱን ብረቱ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ፒንሳው አልከፈት ይላል፣ ሊማው ቀይ ዱቄት ይለብሳል። ፒንሳ በዘይት እየቀቡ ማላቀቅ የክረምት ጠዋት ሥራችን ሆኗል።

ግንበኛው ከእኛ ይሻላል ቢባል፣ እሱም የራሱ ፈተና አለበት። ማንኪያውን፣ ቱንቢውን፣ ፍራታሶውንና ሲባጎውን የሚይዘው ሞልታ በሚያቦካባት ባልዲ ነው። ሲሚንቶው በደንብ ካልታጠበ በማግስቱ ከባልዲው ግድግዳ ጋር ደርቆ ይጠብቀዋል፤ ሲባጎውም ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል። አናጺው የእንጨት ሳጥን አለው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ባዶውን እንኳ የሚከብድ ነው። ወጣቶቹ ኤሌክትሪሺያኖች የተማሪ ቦርሳ ያዘወትራሉ፤ ከጥቂት ወር በኋላ ዚፑ ይሄዳል፣ ሥሩ ይቀደዳል፣ ፍለጋውም ያው ነው፤ ጨለማ ከረጢት በጀርባ ታዘለ እንጂ አልተለወጠም።

የአሠሪው እሮሮ ደግሞ ከእኛ አያንስም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቧንቧ ፈንድቶባት ሠራተኛ የጠራች እናት የምታየው ይህን ነው፤ ሰውየው ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከረጢቱን ይዘረግፋል፣ ጭንቅላቱን ያካል፣ "አንድ ዕቃ ረስቻለሁ፣ ላምጣ" ብሎ ይወጣል። በማግስቱ ነው የሚመለሰው። ጉደር አንድ ቤት፣ "ልጄ፣ ትናንትናም ዕቃ ረሳሁ ብሎ ነው አንዱ የሄደው፤ እናንተ ዕቃችሁን የምትረሱት የት ነው?" ሲሉ የሰማኋቸው እናት ጥያቄያቸው ውስጤ ቀርቷል። የምንረሳው ትናንት በሠራንበት ቤት ነው። ኮርኒስ ውስጥ፣ ታንከር ላይ፣ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ። ከረጢት ውስጥ ምን እንደገባ እንጂ ምን እንደጎደለ አይታይም። ማታ እየመሸ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሁሉንም አፍሶ የሚያስገባ ሰው አንድ ካቻቢቴ መቅረቱን በምን ያውቃል? ሲያውቅ ባለቤቱ ቤቱን ቆልፎ አዲስ አበባ ሄዷል።

መዋስ የሚባለውን ባልናገር ደግሞ ሆዴ ይቆጣል። "ኦቦሌሳ ኮ፣ ፒንሳህን ለአንድ አፍታ" ይባላል። ማን እምቢ ይላል? ጎረቤት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ነገም አብረን ነን። ፒንሳው ይሄዳል። ያ አፍታ ሳምንት ይሆናል። ስትጠይቀው፣ "አልመለስኩልህም እንዴ?" ይላል፤ ሊዋሽ ፈልጎም አይደለም፣ እውነት የመለሰ መስሎታል። አንተም እርግጠኛ አይደለህም፤ ምናልባት ከረጢቱ ሥር ይሆናል ብለህ ትዘረግፋለህ። የለም። በእንዲህ ያለ ነገር ወዳጅ ከወዳጅ ተቀያይሟል፤ ፒንሳ የወሰደ ሰው ሰላምታ ሲሸሽ አይቻለሁ። የዕቃው ዋጋ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። የእጅ መሣሪያ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ የጠፋ የቧንቧ ቁልፍ መተካት የቀን ሒሳብ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ መፍትሔው ሩቅ አገር ያለ እንዳይመስላችሁ። አምቦ መናኸሪያ አካባቢ የሚሠሩትን ሊስትሮዎች ተመልከቱ። ገና ጺሙ ያልበቀለ ልጅ በሠራት ወይም በገዛት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጥቁሩ ቀለም ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ብሩሹ ለብቻ፣ ጨርቁና ውሃው ለብቻ ነው። ክዳኗ ላይ የደንበኛ እግር ይቀመጣል። ልጁ አንገቱን ሳያዞር እጁን ልኮ የሚፈልገውን ያወጣል። ሲጨርስ ይዘጋታል፤ በማንገቻዋ ትከሻው ላይ ያደርጋታል፤ ይሄዳል። በዚህች ከተማ ከእሱ በላይ የተደራጀ የእጅ ሠራተኛ አላየሁም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰንቀሌ ላይ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታሸገው አምቦ ውሃስ? ጠርሙሱ በየሳጥኑ ለየራሱ ክፍል ተሰጥቶት ነው አገር የሚዞረው፤ ጎኑን ጎረቤቱ እንዳይመታው። ለባዶ ጠርሙስ የታሰበው ክፍል እንጀራ ለሚያበላን መሣሪያ ለምን አልታሰበም?

በውጭው ዓለም የእጅ ሠራተኞች የሚገለገሉበት አንድ ቀላል ነገር አለ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ነው፤ 19 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ እኛ ቀለም የምንገዛበት ዓይነት። በዚያ ባልዲ አፍ ላይ ብዙ ኪስ ያለው ወፍራም ሸራ ይጠለቅበታል። ግማሹ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ግማሹ በውጭ ይወርዳል። የውጭዎቹ ኪሶች ለካቻቢቴ፣ ለፒንሳ፣ ለቴስተር፣ ለሜትር፣ ለእርሳስ ናቸው፤ የውስጦቹ ለመሮ፣ ለሊማ፣ ለቁልፎች። የባልዲው ሆድ ክፍት ነው፤ ድሪሉ፣ ገመዱ፣ መዶሻው ይገባበታል። ይኸው ነው። ሞተር የለው፣ ቁልፍ የለው። ዘመድ ልኮለት አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን አምቦ ይዞት አይቻለሁ፤ ሸራው ታጥፎ ሻንጣ ጥግ ላይ የሚገባ ቀላል ነገር ነው። ልጁ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ባልዲው ሥሩ ተቀምጦ፣ ረዳቱ የተጠራለትን ዕቃ ሳያፈላልግ ያቀብለው ነበር። ያን ቀን ቀናሁበት።

የባልዲው ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ ባዶ ኪስ ይታያል። ማታ ስትሰበስብ እያንዳንዱ ዕቃ ቤቱ ይገባል፤ ያልገባው ቦታው አፉን ከፍቶ ይጠይቅሃል። ፒንሳው የለም? ኮርኒሱ ላይ ነው፤ አውርደው። ወይም ጎረቤት ወስዶታል፤ ሂድና ተቀበል። ምንም መቁጠር፣ ምንም መጻፍ አያስፈልግም። በዚህ ብቻ ስንት ፒንሳ፣ ስንት ወዳጅነት፣ ስንት የጉደር ምልልስ ይተርፍ ነበር።

ለሕንጻ ሥራ ደግሞ በተለይ አስፈላጊ ነው። የእኛ መወጣጫ ባሕር ዛፍ ነው። ላይ ያለው ሰው "ማነህ፣ መዶሻውን ወርውርልኝ" ይላል፤ ታች ያለው ይወረውራል። ከተያዘ ተያዘ፣ ካልተያዘ የሚወርድበት ራስ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ባልዲ ግን እጀታ አለው፤ በገመድ ታስሮ ይሳባል፣ ሳንቃው ላይ ይቆማል፣ መሣሪያው ከኪሱ ወጥቶ ኪሱ ይመለሳል። ሳንቃ ላይ የተጋደመ መሮ በእግር ተገፍቶ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገውም።

ጉድለት የለበትም አልልም፤ የሚያሞካሽ ሁሉ ጉድለቱን ከደበቀ ነገ ሰው ይከፋበታል። ሸራው ውሃ ይጠጣል፤ በእኛ ክረምት ክዳን ወይም ላስቲክ ካልተደረገለት ኪሶቹ ኩሬ ይሆናሉ፣ ስለዚህ የየኪሱ ሥር ውሃ የምታወጣ ቀዳዳ ትፈልጋለች። ክፍት ስለሆነ አይቆለፍም፤ ጥለኸው ምሳ ብትሄድ እጅ የበዛበት ቦታ ላይ ባዶ ኪስ ብቻ ይጠብቅሃል። ውሃ ልክና ትልቅ መጋዝ አይችልም፤ ቆመው ይወጣሉ፣ ባልዲውንም ይገለብጡታል። በአንድ እጅ ስለሚያዝ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ትከሻ ይጎትታል። ከሁሉም በላይ ክብደት ነው፤ ብረት ከውሃ ከ7 እጥፍ በላይ ይከብዳልና ባልዲው 19 ሊትር ይይዛል ብሎ ብረት መጠቅጠቅ እጀታውን መገንጠል ነው። ለዕለቱ ሥራ የሚበቃውን ብቻ፣ ከባዱን ከታች መሀል ላይ፣ ክብደቱን በዙሪያው አመጣጥኖ መያዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ድርደራ ራሱ ደግሞ ሥራን ያስተምራል፤ ማለዳ ቤት ውስጥ ሆነህ የዛሬው ሥራ ምን እንደሚፈልግ ታስባለህ። "አንድ ዕቃ ረስቻለሁ" የምትለውን ነገር ጠዋት ቤትህ እያለህ ትደርስባታለህ።

ታዲያ ምን አጣን? ባልዲው አለ። ቤት በተቀባ ቁጥር የቀለም ባልዲ ይተርፋል፤ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፣ ቲማቲም ይተከልበታል። ሸራም አለ፤ መርካቶ ሸራ ተራ ድረስ መሄድ ለማይፈልግ፣ ከጭነት መኪና ላይ የወረደ አሮጌ ሸራ በየከተማው ይገኛል። ሰፊም አለ። የባጃጅ ሸራና የወንበር ልብስ የሚሰፉት ልጆች ወፍራም መርፌ የሚችል ማሽን፣ ጠንካራ ክር፣ ልማድ ያለው እጅ አላቸው። የባልዲው አፍ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያው 95 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሸራ ዞሮ ይገጥማል፤ ለኪሶቹ ግማሽ ሜትር ጨምሩበት። ለባጃጅ ኮፈን ከሚፈጀው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ምናለሽ ተራ ከተጣለ በርሜል ስንት ዓይነት ዕቃ የሚፈጥር አገር ሰው፣ ባልዲ ላይ ኪስ መስፋት አያቅተውም። ያልሠራነው ማንም ስላልጠየቀ ነው። እኛ ማዳበሪያ ተሸክመን እናማርራለን፤ ሰፊው ደግሞ ገዢ መኖሩን አያውቅም።

ማሠልጠኛ ተቋማቱንም አንድ ነገር ልበላቸው። በደንብ በተደራጀ ወርክሾፕ ግድግዳው ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተስሎ፣ መሣሪያው በራሱ ቅርጽ ላይ ይሰቀላል፤ የጎደለው ከበር ይታያል። ተማሪው በዚያ ሥርዓት ይሠለጥናል፣ የብቃት ምዘና ያልፋል፣ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ በማግስቱ ማዳበሪያ ይሸከማል። ግድግዳውን ይዞ መውጣት አይችልም፤ ሥርዓቱን ግን ባልዲ ላይ ይዞ መውጣት ይችል ነበር። የልብስ ስፌት ሠልጣኞች ሰፍተው፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ሠልጣኞች ሞክረው፣ የተበላሸውን አርመው ሁሉም ተመራቂ የራሱን ይዞ ቢወጣ ወጪው የአንድ ቀን ሻይ ነው ባልልም፣ ከብዙ ነገር ያነሰ ነው።

እናንተ አምቦ፣ ጉደርና ጊንጪ ላይ የባጃጅ ሸራ የምትሰፉ ወንድሞች፣ አንድ ሰፍታችሁ በር ላይ ስቀሉ፤ ገዢው እኛ ነን። ኪሱን ድርብ አድርጉት፣ የአፉን ዙሪያ በቀበቶ አጠንክሩት፣ ሥሩ ላይ የውሃ መውጫ አትርሱ፤ ለቴስተር ጠባብና ረጅም ኪስ ለብቻዋ ስጧት። ቤት የምታስገነቡም ቀለሙ ካለቀ በኋላ አንዱን ባልዲ ለሠራተኛው ተዉለት፤ ሥራችሁን ያፋጥንላችኋል። የሰው ፒንሳ ቤታችሁ የተቀመጠ ደግሞ ዛሬውኑ መልሱ፤ ባለቤቱ ነገ ሥራ አለው።